ዳክዬዋ ከኩሬው ያልራቀችው አሟት አልነበረም

አንቲባዮቲክ የተላመደ ባክቴሪያ በአንጀታቸው የያዙ የዱር ዳክዬዎች ከሌሎቹ ያነሰ ይበርራሉ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ባክቴሪያ ያደክማል፣ የደከመ ደግሞ ሩቅ አይሄድም፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

እህል በተበተነበት ወጥመድ የገባችውን ዳክዬ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍኜ (ሲጨልምባት ጸጥ ትላለች) እመዝናታለሁ። ጉዞዋን ለመከታተል የማስርባት ጂፒኤስ ከነማሰሪያው ከክብደቷ 3 በመቶ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ ለአንድ ኪሎ ዳክዬ 30 ግራም መሆኑ ነው። ከዚያ በጥጥ ዘንግ ከፊንጢጣዋ ናሙና እወስዳለሁ። ናሙናው ሴፎታክሲም የሚባለው አንቲባዮቲክ በተጨመረበት ማኮንኪ አጋር (ሳህን ላይ የረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ተቀብቶ በ37 ዲግሪ ያድራል። መድኃኒቱ የማይገድለው ኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ ነው) ካለ፣ ጠዋት ሮዝ ነጠብጣቦች ሳህኑ ላይ ፈክተው ይጠብቁኛል። አንዴ የስድስት ዳክዬ ልፋት ገደል ገባብኝ፦ ቱቦዎቹ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር አልኮል አጠበው። አሁን በእርሳስ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ ጮቤ ረገጥኩ። ባክቴሪያው የተገኘባቸው ከአንድ ኩሬ አይርቁም፤ ሌሎቹ ግን ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ደስታዬ የቆየው ያ ኩሬ የፍሳሽ ማጣሪያ መሆኑን እስካስተውል ድረስ ነው። ምግቡ እዚያው ከሞላ ለምን ይሂዱ? የሰው አንጀት አልፎ የመጣው ባክቴሪያም ያለው እዚያው ፍሳሽ ውስጥ ነው። ባክቴሪያው አስቀመጣቸው ስል፣ ለካ ስለተቀመጡ ነው ያገኛቸው።

ያሳመነችኝ የእግር ቀለበቷ ቁጥር በ47 የሚያልቀው ናት። ዳክዬ እህል የቀመሰችበትን ወጥመድ አትረሳም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ገባች። መጀመሪያ ሳህኗ ሮዝ ነበር፣ አሁን ባዶ። ጉዞዋን ሳየው ግን ያው ኩሬ፣ ያው የማታ ምልልስ። ኢ. ኮላይ እኮ በጤነኛ አንጀትም ይኖራል፤ መድኃኒት መላመዱ ብቻውን ወፏን አያሳምማትም። በእርግጥ አንድ ባዶ ሳህን ባክቴሪያው ለቋታል ለማለት አይበቃም፤ አንዳንድ ቀን ከኩሷ ጋር ላይወጣ ይችላል።

ስለዚህ ዳክዬን ከሌላ ዳክዬ ጋር ማነጻጸር ትቼ፣ አንዷን ስትይዝና ስትነጻ ከራሷ ጋር አስተያያለሁ። በተያዘች ቁጥር ናሙና አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የጂፒኤስ መረጃ እጥላለሁ፤ ማሰሪያውን ስትነካካ ነው የምትውለው። ሥራው ሦስት እጥፍ ሆነብኝ። ጥያቄዬም ዞሯል፦ በአንድ ሌሊት መቶዎች ኪሎ ሜትር መብረር የምትችል ወፍ፣ የያዘችው ሳይለቃት የት ታርፋለች? 47 ለጊዜው መልስ አልሰጠችኝም፤ አሁንም ኩሬዋ ላይ ናት።