ያንገበገበኝ ሳውናው ሳይሆን የመብራቱ ቦይ ነው

እዚህ ሚኒሶታ ግቢው ውስጥ የፊንላንድ ሳውና፣ ማለት በጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የእንጨት ላብ ማውጫ ቤት፣ ለመሥራት የሚያስብ ሐበሻ ስለ እንጨቱና ስለ ምድጃው መካሪ አያጣም። ስለ መብራት መስመሩ ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

መሠረቱ እዚህ እኛ አካባቢ በሕጉ 42 ኢንች ይወርዳል፤ አለዚያ ክረምት ላይ መሬቱ በውርጭ አብጦ ቤቱን ያነሳዋል። ግድግዳና ጣሪያው ሙቀት መያዣ ይገባበታል፣ በላዩ አሉሚኒየም ፎይል ይለበጣል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በፎይል ፕላስተር ይታሸጋል። ከዚያ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተትቶ የሴዳር ጣውላው ይመታል። ቫርኒሽ የሚባል ነገር ውስጥ አይግባ።

አሁን ወደ ቦዩ። ምድጃዬ 8 ኪሎዋት ነው፤ በ240 ቮልት 33 አምፔር ይስባል፣ ስለዚህ የራሱ ብሬከርና ከቤት እስከ ሳውናው በመሬት ውስጥ የሚሄድ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ከሄደ 18 ኢንች፣ ያለ ቱቦ ከተቀበረ 24 ኢንች መውረድ አለበት፤ የመብራት ሥራ ተቆጣጣሪ ሳያየው ደግሞ አፈር አይመለስበትም። ሕጉ ይኸው ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሰዎቹ ላይ ነው።

ፈቃድ ቢሮው መስኮት ላይ የነበረችው ሴት «ከ200 ስኩዌር ፊት በታች ስለሆነ ምንም ፈቃድ አያስፈልግህም» ብላ ሸኘችኝ። ያ ለዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ የተጻፈ ነው፤ መብራት የሚገባበት ቤት የመብራት ፈቃድ የግድ ይፈልጋል። ይህን የነገረኝ ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ ፈቃዱ እስኪወጣ ጥቅምት አለቀ። ቦዩ ተቆፍሮ፣ ቱቦው ተዘርግቶ ተቆጣጣሪው ተጠራ። «ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል» ተባልኩ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በመስኮት ሳይ ዋልኩ፤ አልመጣም። ደወልኩ፤ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ሌላ ቀን ሰጡኝ። ያን ቀንም እንዲሁ ቀረ።

በዚህ መሃል ዝናቡ ቦዩን ሞላው፣ በረዶ እንደሚመጣም ተነገረ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው ብዬ የከፈልኩት ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና «ልኬላቸዋለሁ፣ ፎቶ ይቀበላሉ፣ ድፈነው» አለኝ። ተደፈነ። ተቆጣጣሪው ብቅ ያለው መሬቱ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው። ፎቶውን ሊያይ እንኳ አልፈለገም። «ያላየሁትን አልፈርምም፣ ክፈተው» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የሚኒሶታን ውርጭ የበላውን መሬት በዶማ የቆፈረ ያውቀዋል። ዶማው ይነጥራል፣ ክንድ እስከ ትከሻ ይደነዝዛል፣ የሚነሳው ፍርካሽ ብቻ ነው። ያውም ቱቦውን እንዳልመታው እየፈራሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ ለመምጣት ሌላ ሂሳብ ጠየቀኝ። ተቆጣጣሪው በመጨረሻ መጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ሜትር ሰደደ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ዛሬም ድረስ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ቢሮው ምንም ቢልህ፣ የተባልከውን በጽሑፍ ተቀበል። ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ መጥተው ያመለክቱልሃል። ቁፋሮውን ነሐሴ ውስጥ ጨርስ። ለኤሌክትሪሺያኑ የመጨረሻውን ክፍያ ፊርማው ሳይወጣ አትስጥ። 18 ኢንች ይበቃል ቢሉህም እኔ 24 ቆፍር እላለሁ፤ ነገ አትክልት ስትተክል ታመሰግነኛለህ።

አናጺው ጣሪያው 7 ፊት ይበቃዋል ብሎ ሲከራከረኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። 8 ፊት አድርገህ የላይኛውን መደብ ከፍ አድርገው፤ ስትቀመጥ እግርህ ከምድጃው ድንጋይ በላይ መሆን አለበት። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ ላይ ራስህ ይነዳል፣ እግርህ ይቀዘቅዛል። ለመደቡ ሴዳር ሳይሆን አስፐን የሚባለውን እንጨት ነው ያደረግኩት። ይህን የመከረኝ ጎረቤቴ ነው፤ አያቶቹ ከፊንላንድ መጥተው በሰሜን ሚኒሶታ የብረት ማዕድን ይሠሩ ነበር። አስፐን ሽታ የለውም፣ ገላ አያቃጥልም። የሴዳሩ ሽታ፣ ጥድ ጥድ የሚለው፣ ከግድግዳው ብቻ ይበቃል።

ድንጋይ ከወንዝ አትልቀም፤ ውስጡ ውሃ ካለ ሲግል ይፈነዳል። ለሳውና ተብሎ የሚሸጠውን ግዛ፣ በዓመት አንዴ አውርደህ የተፈረካከሰውን ጣል።

ሙቀቱ 80 እና 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሃል ሲደርስ እንገባለን። በጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ ይፈስሳል፣ ድምፁ ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ወላፈኑ ከጣሪያ ወርዶ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከዚያ ውጭ ብርዱ ውስጥ መቆም፣ እንደገና መግባት።

እናቴ ወይባ የለመደች የወሎ ሴት ናት። መጀመሪያ ስትገባ «ጭሱስ የታል?» አለች። ለጎረቤቴ ስነግረው ደስ አለው፤ የጥንቱ የፊንላንድ ሳውና ጭስ መውጫ አልነበረውም፣ እንጨቱ ነዶ ድንጋዩ ሲግል ጭሱን በበር ያስወጡና ይገቡ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ናት የምታስነሳን። በጾም ግን ሳትቀምስ እንዳትገባ ከልክያታለሁ፤ ሰውነት ውሃ ሳያገኝ እዚያ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ራስን መጣል ነው። ጾም ፈትተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ማታ ላይ ነው የምንገባው።