የአገረ ገዥው ሕግ በእኛ ባንኮኒ ላይ

ኦሬገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ከባለቤቱ ጋር ደጋግሞ የሚያጋጨኝ ባዶ ጣሳ ነበር። ባለቤቱ የአገሬ ሰው፣ በዕድሜም አባቴ የሚሆኑ ናቸው። አንድ ጠዋት ባዶ ጣሳ የሞላ ጥቁር ከረጢት ያንጠለጠሉ ፈረንጅ አዛውንት ሲገቡ አዩና፣ እንግዳው እንዳይሰሙ በአማርኛ፣ «ቦታ ሞልቷል ብለህ መልሳቸው» አሉኝ። ጓዳው ግን አልሞላም ነበር።

«ጋሼ፣ ሕጉ እኮ እንደኛ ያለ ትንሽ ሱቅ ከአንድ ሰው በቀን እስከ 50 ባዶ ጣሳ ድረስ እንዲቀበል ያዛል» አልኳቸው።

«እኔ የከፈትኩት ሱቅ ነው ወይስ የቆሻሻ ገንዳ? ዝንቡንና ሽታውን አታይም?»

«አያለሁ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ባዶ ጣሳ የምንመልሳት 10 ሳንቲም የእኛ አይደለችም፤ መጠጡን ስንሸጥ ከገዢው የተቀበልናት መያዣ ናት። አደራ ነው ጋሼ። ጣሳውንም አከፋፋዩ ሲወስድ ገንዘቡን ይተካልዎታል።»

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የተከራከርኩት ሕጉ እንዴት እንደ መጣ አውቅ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፈረሙት አገረ ገዥ ቶም ማኮል ቀድሞ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በ1962 ባቀረቡት ዘጋቢ ፊልም ከፋብሪካና ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽ የዊላሜት ወንዝን እንዴት እንደ በከለው ለሕዝቡ አሳይተዋል። ከ1967 እስከ 1975 ግዛቲቱን ሲመሩ ወንዙ እንዲጸዳ፣ የባሕር ዳርቻውም ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ታግለዋል። የጠርሙስና የጣሳ አምራቾች በብርቱ የተቃወሙት የመያዣ ሕግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሲሆን፣ በ1972 ሥራ ላይ ሲውል መያዣው በአብዛኛው 5 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ወደ 10 አደገ። እኔ እኚህን ሰው የማከብራቸው ስለ አካባቢ ጥበቃ ጥሩ ስለ ተናገሩ ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ተናጋሪማ ሞልቷል። መንገድ ዳር የተጣለው ጣሳ ዋጋ ኖሮት ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያነሳው ማድረጋቸው ከማናቸውም ንግግር ይበልጥብኛል። ያነሳውን ይዞ የሚመጣው ደግሞ ወደ እኛ ባንኮኒ ነው፤ እኛ ከመለስነው ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ባለቤቱ ዝም ብለው ቆዩና «ቁጠርላቸው» አሉ። ጓንት አድርጌ ክዳኑ ላይ የታተመውን የኦሬገን ምልክት እያየሁ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የአንዳንዱ አተላ አልደረቀም፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ የቆየ ቢራ ይሸታልና ስለ ሽታው ጋሼ አልዋሹም። አዛውንቱ ግን ጣሳውን ሁሉ አስቀድመው ሳይጨፈልቁ፣ ቆሻሻም ሳይቀላቅሉ አሰናድተውት ነበር። 42 ሆነ፤ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሰጠኋቸው። አመስግነው ሲወጡ ባለቤቱ «ከዛሬ ጀምሮ ጣሳ የሚያመጣ ሁሉ በጓሮ በር ይግባ» የሚል ትእዛዝ ሰጡኝ።

ይህኛው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ቆራሌው በየደጁ እየተጣራ ጠርሙስ ሲገዛ እያዩ ያደጉ ሰው ይህን ማዘዛቸው አልዋጥልህ አለኝ። «ጋሼ፣ ሙሉውን ጣሳ የሚገዛን ሰው በፊት በር አስገብተን ባዶውን የሚመልሰውን በጓሮ የምናስገባው ምን አድርጎን ነው?» ስል ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ትእዛዙም ሥራውን እስክለቅ ድረስ አልተነሳም።