የፒያሳው ቢራ ቅምሻ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ባር አዲስ ቢራ ሜኑው ላይ ሊጨምር አሰበ። ለቢራ መራራነትና ሽታ የሚሰጠው ሆፕ የተባለ አበባ የበዛበት፣ አልኮሉ 7 በመቶ የሆነ፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። አራት ቀማሾች ከምሳ በኋላ ተጠሩ፤ የአዋዜ ጥብሱ ገና ምላሳቸው ላይ ነበር። ቢራው ከፍሪጅ በ2 ዲግሪ ወጥቶ ተቀዳ። አንዱ «ጌሾ የበዛበት ጠላ ነው» አለ። ሌላው ተበላሽቷል ብሎ ብርጭቆውን ገፋ። ባለቤቱም ሊመልሰው ቆረጠ።

ባርማኑ ዓይኑ አረፋው ላይ ነበር። ከአንድ ጠርሙስ ከተቀዱት ብርጭቆዎች ሁለቱ ላይ ጣት የሚያክል አረፋ ቆሟል። ሁለቱ ላይ ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ፤ ጎናቸው ላይም ጥቃቅን አረፋ እንደ ላብ ተለጥፏል። ቅባት ነው። ለካ ብርጭቆውም የጥብስ ሳህኑም የሚታጠቡት በአንድ ስፖንጅ ኖሯል! ለማረጋገጥ አንዱን አጥቦ፣ በውሃ እንደራሰ ደቃቅ ጨው ነሰነሰበት። ንጹሕ ብርጭቆ ጨውን ዙሪያውን እኩል ይይዛል፤ ይሄኛው ቆረቆር እንደያዘው ራስ ቦታ ቦታ ተገላለጠ።

ቅዝቃዜውም በደል ሠርቷል። ሆፕ ብዙ ሲፈላ መራራነት፣ መጨረሻ ላይ ሲገባ ደግሞ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይሰጣል። ቢራው በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈንና መራራው ብቻ ይቀራል፤ በርበሬ ያቃጠለው ምላስ ደግሞ ጣዕሙን በደንብ አይለይም። እንዲህ ተቀምሶ ማን ይወደዋል?

በማግስቱ ጠዋት ተደገመ። ለብርጭቆ ብቻ የሚሆን አዲስ ስፖንጅ፣ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ፣ ደፍቶ ማድረቅ፤ በፎጣ መወልወል ቀረ። ጠርሙሱ ቀድሞ ወጥቶ 8 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ተጠበቀ። መጀመሪያ ቀለል ያለ ቢራ፣ ቀጥሎ ይሄኛው፣ ለአንድ ሰው 80 ሚሊ ሊትር፤ በመሃል ውሃና ደረቅ ዳቦ። ሲቀዳ ብርጭቆው ዘንበል አለ፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ቆላ ካለው ይልቅ ቶሎ ይገነፍላል።

ሦስቱ ወደዱት። አራተኛው አሁንም «መራራ ነው» አለ፣ መብቱ ነው። ባለቤቱ ለሙከራ አንድ ሳጥን ብቻ አዘዘ። አስተናጋጆቹ ግን እንደ ለመዱት «ይደገም?» ማለት ጀመሩ። የዚህ አንድ ጠርሙስ 23 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ 5 በመቶ የሆነው ቢራ 16.5 ነው። አሁን ከሁለተኛው ጠርሙስ በፊት ውሃ ይቀርባል።