እኔን ማን ጠየቀኝ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን እንጃ። ደጅ ዝናብ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ቡናዬንም ብቻዬን ጠጣሁ። በዚህ መሃል አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ የምትኖረው ወዳጄ ደወለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። እግረ መንገዷን «የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎበት የመምህራን ማኅበሩ መዋጮ ሳይከፈል ቀረ» አለችኝና ወደ ሌላ ወሬ ገባች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

እሷ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ድሮ መዋጮዋ በቀጥታ ከደመወዟ ላይ ይቆረጥ ነበር። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ይሄ ቀረ። «ቁረጡልኝ» ብላ ብትፈርምም አይቆረጥላትም። ከፋዮቹ ማኅበሩ ከሚወክላቸው ሠራተኞች 60 በመቶ ካልሞሉ ደግሞ ማኅበሩ የመወከል መብቱን እንደ አዲስ ማስመስከር አለበት። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት አንድ ካርድ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

የሕጉ ደጋፊዎች መንግሥት ለፖለቲካ ለሚውል ገንዘብ ሰብሳቢ መሆን የለበትም ይላሉ። እሺ። ታዲያ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የእስር ቤት ጠባቂዎች ለምን ከክልከላው ውጪ ሆኑ? የፖሊስ ማኅበራትም እኮ በምርጫ ሰሞን ዕጩ ይደግፋሉ! ይሄን ሳስብ በጣም እናደዳለሁ።

ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከማኅበራቱ ጎን መቆም አልችልም። ማርክ ጃነስ የሚባል የኢሊኖይ መንግሥት ሠራተኛ ነበር። የማኅበሩ አባል አይደለም፤ ግን ማኅበሩ ስለሚደራደርለት ተብሎ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ አባል ካልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ያለ ግልጽ ፈቃዱ አይቆረጥም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው ውሳኔ ተሻረ። ማኅበራቱን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። እኔ ግን ሰውየው ይገባኛል።

የሚገባኝ በእማዬ ነው። በ2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲጀመር ታስተምር ነበር። መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ጠራ። የወር ደመወዝ ለቦንድ፣ በየወሩ እየተከፋፈለ እንዲቆረጥ «በአንድ ድምፅ» ተወሰነ። እዚያ መሃል ማን እጁን አውጥቶ «እኔ አልችልም» ይላል? እማዬ ግድቡን ትወደዋለች። ሲሞላ በደስታ አልቅሳለች። ግን «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም። ቢጠይቋት እኮ ትሰጥ ነበር።

ለእኔ ጃነስም፣ የፍሎሪዳዋም፣ እማዬም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ። እምቢ ያለው ይተው፣ እሺ ያለችው ይቆረጥላት። የፍሎሪዳ ሕግ እሺ ያለችውን ነው የከለከለው።

ለፖለቲካ የሚወጣው ለብቻው ይጠየቅ ልል ፈለግኩና እዚህ ላይ ተያዝኩ። የትምህርት በጀቱን በፍሎሪዳ ዋና ከተማ ታላሃሲ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑት ፖለቲከኞች ናቸው። ደመወዝ ይጨመር ብሎ መሟገት በራሱ ፖለቲካ ነው፤ የጃነስም ክርክር ይኸው ነበር። ታዲያ ከመዋጮዋ የትኛው ዶላር ለእንጀራዋ፣ የትኛው ለፖለቲካ ነው የሚባለው?