ኢኤስሊንትን ቪኤስ ኮድ ላይ መትከልና ማስተካከል

«ኤክስቴንሽኑን ጭኜዋለሁ፤ ቀይ መስመር ግን አንድም አያሳየኝም።» የጃቫስክሪፕት ኮድን ስህተት የሚመረምረውን ኢኤስሊንትን፣ ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ላይ ከጫኑ ሰዎች በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ከማርኬትፕሌስ (ከቪኤስ ኮድ የተጨማሪዎች መደብር) የሚወርደው ኤክስቴንሽን በራሱ ኮድ አይመረምርም። መርማሪው በፕሮጀክቱ የኖድ ሞጁልስ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጠው የኢኤስሊንት ፓኬጅ ነው። ኤክስቴንሽኑ ያንን ፓኬጅ ፈልጎ ያስነሳል፣ የተገኘውን ስህተት ተቀብሎ ኤዲተሩ ላይ ያሰምርበታል። ፓኬጁ ከሌለ የሚያሰምርበት ነገር የለውም። ስለዚህ ሥራው ከፕሮጀክቱ ይጀምራል፤ ኤዲተሩ በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ፕሮጀክቱ

ተርሚናል ከፍቶ የኖድን፣ ማለትም ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ ቨርዥን ማየት ይቅደም። የኢኤስሊንት 9ኛ ቨርዥን ከ18 ተከታታይ ቢያንስ 18.18.0ን፣ ከ20 ተከታታይ ደግሞ ቢያንስ 20.9.0ን ይፈልጋል። ኖዱ ከዚያ በታች ሲሆን ኤንፒኤም (የኖድ ፓኬጆች መጫኛ) ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ጭነቱን ሊጨርሰው ይችላል፤ ችግሩ የሚወጣው ኢኤስሊንት ሲነሳ ነው።

ቀጥሎ ፓኬጅ ዶት ጄሰን (የፕሮጀክቱ ፓኬጆች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ባለበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ «ኤንፒኤም ኢኒት @ኢኤስሊንት/ኮንፊግ@ሌተስት» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ነው። ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ኮዱ የሚሠራው ብራውዘር ላይ ነው ወይስ ኖድ ላይ፣ ታይፕስክሪፕት (የዳታ ዓይነት የሚጻፍበት ጃቫስክሪፕት) አለ ወይ፣ የትኛው ፍሬምወርክ ነው የሚሉ። መልሱን ይዞ ፓኬጆቹን ይጭናል፣ የኮንፊግ ፋይሉንም (የምርመራ ደንቦቹ የሚጻፉበትን) ይጽፋል። በእጁ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ለተራ የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ሦስት ፓኬጆች ይበቃሉ፤ «ኢኤስሊንት»፣ «@ኢኤስሊንት/ጄኤስ» እና «ግሎባልስ»። ሦስቱም በ«--ሴቭ-ዴቭ» ይጫኑ፤ የሚያስፈልጉት ኮድ በሚጻፍበት ጊዜ እንጂ ፕሮግራሙ ሲሠራ አይደለም።

ኢኤስሊንትን ለኮምፒውተሩ በሙሉ፣ ማለትም በግሎባል መጫን አልመክርም። ኤክስቴንሽኑ በፕሮጀክቱ ውስጥ ፓኬጅ ሲያጣ ግሎባሉን ስለሚጠቀም መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን አብረው የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ቨርዥን ይዘው ይቀራሉ፤ አንዱ ጋ የማይታየው ስህተት ሌላው ጋ ይታያል፣ ጥፋቱም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቪኤስ ኮድን ከመንካት በፊት በተርሚናል መሞከር ግድ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ሦስተኛው መስመር ላይ «ኮንስት» ብሎ የትም የማይጠሩትን ተለዋዋጭ ያውጁና «ኤንፒኤክስ ኢኤስሊንት» ብለው ነጥብ ጨምረው ያስኪዱ። መልሱ በ3:7 ይጀምራል፤ 3 የመስመሩ ቁጥር፣ 7 ደግሞ የተለዋዋጩ ስም የሚጀምርበት ዓምድ ነው። ቀጥሎ የክብደቱ ደረጃ (ስህተት ወይም ማስጠንቀቂያ)፣ መልእክቱ፣ መጨረሻ ላይ የደንቡ ስም «ኖ-አንዩዝድ-ቫርስ» ይታያል። ይህ በተርሚናል ከታየ ፕሮጀክቱ ደህና ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ዝምታ የኤዲተሩ ጉዳይ ነው። እዚህ ካልታየ ግን ቪኤስ ኮድ ውስጥ የሚነካካ ቅንብር ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የኮንፊግ ፋይሉ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 9ኛው ቨርዥን በኤፕሪል 2024 ሲወጣ «ፍላት ኮንፊግ» የሚባለው አዲሱ አጻጻፍ መደበኛ ሆነ። በነጥብ የሚጀምረው የድሮው «ኢኤስሊንትአርሲ» ፋይል ከዚያ ወዲህ እንዲሁ አይነበብም። ከ2024 በፊት የተጻፉ መመሪያዎች ግን ያንኑ ፋይል ያዛሉ፤ እነሱን ተከትሎ የሠራ ሰው ሕግ ጽፎ የሚሰማው ያጣል። የአሁኑ ፋይል ስም «ኢኤስሊንት ዶት ኮንፊግ» ሆኖ መጨረሻው «ጄኤስ» ወይም «ኤምጄኤስ» ነው። እኔ ሁልጊዜ «ኤምጄኤስ»ን እመርጣለሁ። ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ ዓይነቱ «ሞጁል» ተብሎ ካልተጻፈና ኖዱ ቆየት ያለ ከሆነ፣ መጨረሻው «ጄኤስ» የሆነ ፋይል የመጀመሪያው የ«ኢምፖርት» መስመር ላይ ይወድቃል፤ «ኤምጄኤስ» ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ፋይሉ የሚያወጣው አሬይ (የኦብጀክቶች ዝርዝር) ነው። በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች በቅደም ተከተል ይነበባሉ፤ አንድ ደንብ ሁለት ቦታ ከተጻፈ የሚጸናው የኋለኛው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከ«@ኢኤስሊንት/ጄኤስ» የሚመጣው «ሬኮመንድድ» የተባለው ስብስብ ይግባ፣ የራስዎ ማስተካከያ ከሱ በታች ይሁን። ገልብጦ የጻፈ ሰው ያጠፋው ደንብ ተመልሶ ሲበራ ያያል።

የማይመረመሩ ፎልደሮችን መጻፍ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። «ኢግኖርስ» የሚለው ቁልፍ ለጠቅላላው ፕሮጀክት የሚሠራው ብቻውን በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ ስም ቢጨመርለት ግድ የለም። በዚያው ኦብጀክት ውስጥ «ሩልስ» ወይም «ፋይልስ» ከተጨመረ ግን የተባሉት ፎልደሮች የሚታለፉት ከዚያ ኦብጀክት ደንቦች ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ደንቦች መመርመራቸውን ይቀጥላሉ። «ዲስት» ፎልደር ውስጥ ያለ የተጨመቀ ፋይል በሺህ የሚቆጠር ስህተት ሲያዘንብ አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ይህ ነው። ኖድ ሞጁልስና የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ፎልደር ሳይነገረውም ይታለፋሉ፤ «ዲስት» እና «ቢልድ» ግን መጻፍ አለባቸው። የድሮው «ኢኤስሊንትኢግኖር» ፋይል በ9ኛው ቨርዥን አይነበብም።

«ዊንዶው» ወይም «ፕሮሰስ» አልታወቀም የሚል ስህተት ሲመጣ ብዙዎች «ኖ-አንዴፍ» የሚለውን ደንብ ያጠፉታል። ባያጠፉት ይሻላል፤ የተሳሳተ ስም ጽፈን እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። መፍትሔው ከ«ግሎባልስ» ፓኬጅ የብራውዘሩን ወይም የኖዱን ዝርዝር «ላንጉዌጅ ኦፕሽንስ» ውስጥ ማስገባት ነው። በታይፕስክሪፕት ፋይሎች ላይ ግን ይህን ሥራ ኮምፓይለሩ ራሱ ስለሚሠራው ደንቡን ማጥፋቱ ትክክል ነው።

አሁን ኤዲተሩ

የኤክስቴንሽኖቹን ገጽ ከፍቶ «ኢኤስሊንት» ብሎ መፈለግ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ አሳታሚው ማይክሮሶፍት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፎልደሩን ሲከፍቱ ቪኤስ ኮድ «ይህን ፎልደር ያምኑታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አላምንም ከተባለ ኤክስቴንሽኑ አይነሳም። የኮንፊግ ፋይሉ ራሱ የሚሠራ ኮድ ስለሆነ ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ፕሮጀክት መጀመሪያ አንብበው ከዚያ ይመኑ።

ሴቭ ሲደረግ የሚታረመውን እንዲያርም ከተፈለገ በፕሮጀክቱ «ዶት ቪኤስኮድ» ፎልደር ውስጥ ባለው የሴቲንግስ ፋይል፣ «ኮድ አክሽንስ ኦን ሴቭ» በሚለው ስር «ሶርስ ዶት ፊክስኦል ዶት ኢኤስሊንት» ተብሎ ዋጋው «ኤክስፕሊሲት» ይደረግ። «ኤክስፕሊሲት» ማለት ሰው ራሱ ሴቭ ሲያደርግ ብቻ ማለት ነው፤ «ኦልዌይስ» ከተባለ መስኮት በመቀየር የሚመጣውንም አውቶ ሴቭ ይጨምራል። ቅንብሩ በግል ኮምፒውተር ሳይሆን በፕሮጀክቱ ውስጥ ይቀመጥና ጊት ውስጥ ይግባ፤ ያኔ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ያገኛል።

ተርሚናሉ እየተናገረ ኤዲተሩ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚታየው የአውትፑት ፓነል ነው፤ ከዝርዝሩ «ኢኤስሊንት» ሲመረጥ የትኛውን ፓኬጅ ከየት እንዳነሳና ምን እንዳሰናከለው ይጽፋል። አዲስ ፕለጊን ከተጫነ በኋላ ከኮማንድ ፓሌት «ሪስታርት ኢኤስሊንት ሰርቨር» የሚለውን መጠቀም ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ብዙ ፕሮጀክቶችን የያዘ ወላጅ ፎልደር መክፈት ነው፤ ኤክስቴንሽኑ ከላይ ሆኖ ሲፈልግ ታች ያለውን ኮንፊግ አያገኘውም። «ወርኪንግ ዳይሬክተሪስ» በሚለው ቅንብር የንዑስ ፎልደሮቹን ስም መዘርዘር፣ ወይም ሞዱን «አውቶ» ማድረግ ይፈታዋል።

ፕሪቲየር (የኮድን ቅርጽ የሚያስተካክል መሣሪያ) አብሮ ካለ ሁለቱ ስለ ሰሚኮለንና ስለ ክፍተት እንዳይጣሉ «ኢኤስሊንት-ኮንፊግ-ፕሪቲየር» ይጫንና በአሬዩ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ይህ ፓኬጅ ራሱ ምንም ቅርጽ አያስተካክልም፤ የሚጋጩትን ደንቦች ማጥፋት ብቻ ነው ሥራው።

የቆየ ፕሮጀክት ላይ ሲተከል

ለዓመታት ሳይመረመር የኖረ ኮድ ላይ ሁሉንም ደንብ በአንዴ ማብራት ሰውን ያስመርራል፤ ሁሉም ነገር ሲቀላ ማንም አያነበውም። እውነተኛ ጥፋት የሚይዙትን ደንቦች ብቻ «ኤረር» አድርጎ መጀመር ይሻላል። ከ9.24.0 ቨርዥን ጀምሮ «--ሰፕረስ-ኦል» የሚል አማራጭ አለ፤ ነባሮቹን ስህተቶች በአንድ ፋይል መዝግቦ ያልፋቸዋል፣ አዲስ የሚመጡትን ግን ይይዛል። የሚመዘግበው «ኤረር» የተባሉትን ብቻ ነው፤ «ዋርን» የተባሉት እንዳሉ ይቀራሉ። ፋይሉ ጊት ውስጥ መግባት አለበት።

አንድን መስመር ለብቻው ማሳለፍ ሲያስፈልግ «ኢኤስሊንት-ዲስኤብል-ኔክስት-ላይን» ከሚለው ኮሜንት ቀጥሎ የደንቡ ስም፣ ከዚያም ሁለት ሰረዝና ምክንያቱ ይጻፍ። የደንብ ስም የሌለው ኮሜንት በዚያ መስመር ላይ ሁሉንም ደንብ ስለሚያጠፋ ከኮድ ሪቪው ማለፍ የለበትም።

ምርመራው ከዘገየ «ታይሚንግ» የተባለውን የኢንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ 1 አድርጎ በተርሚናል ማስኬድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰዱትን ደንቦች በሚሊሰከንድና በፐርሰንት ዘርዝሮ ያወጣል። ታይፕስክሪፕት ላይ የዓይነት መረጃ የሚጠይቁ ደንቦች ከሁሉም ይከብዳሉ። እነሱን ለሲአይ (ኮድ ሲላክ ሰርቨር ላይ በራሱ ለሚካሄደው ምርመራ) ትቶ ኤዲተሩ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ወይም ምርመራው በየፊደሉ መሆኑ ቀርቶ ሴቭ ሲደረግ ብቻ እንዲሆን «ኢኤስሊንት ራን» የሚለውን ቅንብር «ኦንሴቭ» ማድረግ ይቻላል።

ሲአይ ላይ ሲገባ «--ማክስ-ዋርኒንግስ 0» ይጨመር፤ ያለዚያ ማስጠንቀቂያ ቢከማችም ሥራው በሰላም ያልፋል። የመውጫ ኮዱንም መለየት ይጠቅማል፤ 0 ሲሆን ንጹህ ነው፣ 1 ሲሆን ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ ወይም ማስጠንቀቂያው ከተፈቀደው በልጧል። 2 ከሆነ ግን ኢኤስሊንት ራሱ መነሳት ስላልቻለ ኮዱን ትቶ የኮንፊግ ፋይሉንና የተጫኑትን ፓኬጆች ማየት ነው።