ወንጂ፣ ሸንኮራውና የሠራተኞቹ ደም

ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ስለመጣሁ ስለ ጉዞው የሚወራ ነገር የለም። ሌሊቱ ግን ይወራል። የተሰጠኝ ክፍል ቬንትሌተር አይሠራም። መስኮት ስከፍት ትንኝ ይገባል፣ ስዘጋ እታፈናለሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው። ሁለቴ ወርጄ ነገርኳቸው። የሰማኝ የለም። ሙሉ ሒሳብ ተቀብለው እንዲህ ማድረጋቸው በጣም አበሳጭቶኛል።

ጠዋት ባጃጅ እስከ መናኸሪያ 200 ብር አለኝ። አጠገቤ የነበረች ቆሎ ሻጭ «ሃምሳ ነው፣ እንዳትከፍይ!» ብላ ተቆጣችልኝ። ሌላ ባጃጅ አስቁማ አሳፈረችኝ። እግዜር ይስጣት።

ወንጂ የሄድኩት ለስኳሩ አይደለም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀመረ። በ1997 መጀመሪያ የአቃቂ፣ ቀጥሎ የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን መከታተል ያዘ። ፈቃደኛ የሆኑት በየስድስት ወሩ እየሄዱ ደም ይሰጡ ነበር። ለዓመታት! አገራችን ውስጥ ነፃ የኤችአይቪ መድኃኒት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያኔ ደም መስጠት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት።

ከዚያ ደም የተገኘ አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ኤችአይቪ የሌለበት ጤነኛ ኢትዮጵያዊ፣ የሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የነጭ ደም ሴል) መጠኑ በአማካይ ከሆላንዳዊው ያንሳል። የፈረንጅ መለኪያ ብቻ ይዘን ብንቀመጥ ጤነኛውን ሰው ታመመ ልንለው እንችል ነበር። የራሳችንን ልክ ካሳወቁን መካከል እነዚህ ሠራተኞች አሉበት።

ወንጂ ዙሪያዋን ሸንኮራ ነው። አሮጌው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ጡረታ የወጡ አባት አገኘሁ። ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ስለ ምርምሩ ስጠይቃቸው ወዲያው አስታወሱ።

«እኔ አልገባሁበትም፤ ፈርቼ። ጓደኞቼ ግን ቀጠሮ አያሳልፉም ነበር።»

«ለምን ይመስልዎታል ጋሼ?»

«ሰው እየሞተ ነበራ የኔ ልጅ። ዝም ብሎ ማየት ይቻላል?»

ስለ ሲዲ4ቱ ነገርኳቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ይሄ ነገር በእኛ ቋንቋ ተጽፏል?»

እኔ ያነበብኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ቅር ይለኛል። አዳማና አካባቢው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቲቢና ኤችአይቪ ላይ ሌላ ጥናት ተሠርቷል፤ ደስ ይለኛል። አጋርነቱ ይቀጥል። ግን ደሙን የሰጠው ሰው ጥናቱ የደረሰበትን ውጤት በሚያነበው ቋንቋ ማግኘት አለበት። ይህ ልመና አይደለም፣ መብቱ ነው።

የቡናውን እሳቸው ከፈሉ፤ እምቢ ብል አልሰማ አሉኝ። በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፌ ልልክላቸው ተስማማን። ኦሮምኛውን ልጃቸው ይሠራዋል፤ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ደብረ ብርሃን ሳልደርስ መኪና ውስጥ ጻፍኩት።