የመጀመሪያ መኪናዬን ዋጋ የመዘንኩበት መንገድ

ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ምኞት ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚነበበው ቁጥር ባለቤቱ ቢያገኝ የሚወደውን እንጂ መኪናው በመጨረሻ የሚሸጥበትን አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያ መኪናዬን ስፈልግ ከአንድ ማስታወቂያ ጋር ሙግት አልገጠምኩም። ሞዴላቸው፣ የምርት ዘመናቸውና የካምቢዮ ዓይነታቸው አንድ የሆኑትን መኪኖች ከርካሹ ወደ ውዱ በወረቀት ላይ ደረደርኩና መሀል ላይ የወደቀውን ዋጋ ያዝኩ። አማካይ ማስላት አልፈለግኩም፤ አንድ ዓይን አውጣ ሻጭ አማካዩን ሽቅብ ይጎትተዋል፣ መሀለኛውን ግን እምብዛም አያነቃንቀውም። ገዢ አጥቶ የከረመውንም መኪና ከዝርዝሩ ሰረዝኩ፤ ማንም ያልከፈለው ዋጋ የገበያ ዋጋ ሊባል አይችልም።

ያ የመሀል ዋጋ ግን ሞዴሉን እንጂ ፊቴ የቆመችውን መኪና አያውቃትም።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ነው። እኔ ለዚያ ቁጥር ያለኝ አክብሮት ትንሽ ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባይመለስም እንኳ ዘይቷ በወቅቱ እየተቀየረ 180 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደችውን፣ ሰርቪስ ሳታውቅ 90 ሺህ ከሄደችው አስበልጣለሁ። ቁጥሩን ያመንኩት ምስክር ሲያገኝ ብቻ ነው፦ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ፣ ከሁሉም በላይ የሰርቪስ ደረሰኝ። ሙልጭ ብሎ ያለቀ ፔዳልና 60 ሺህ የሚያሳይ ቆጣሪ አብረው አይሄዱም።

የጎማውንም ዕድሜ አነበብኩ። በጎማው ጎን ላይ ከታተመው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይገልጻሉ፤ 2319 ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢሆንም 10 ዓመት የሞላውን ጎማ እንደሚቀየር ቆጠርኩት።

ሻጮቹን ሁሉ ሞተሩን ሳያሞቁ እንዲጠብቁኝ ለመንኩ። ኮፈኑን ስነካው ከሞቀ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ፤ የቀዝቃዛ ሞተር አነሳስ ብዙ ገመና ያወጣልና። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠልን፣ ቶሎ የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ይጠቁማል። እንዲህ ያለውን መኪና ዋጋ እንኳ አልጠየቅኩም።

የቀረውን ራሴ ለመረጥኩት መካኒክ ተውኩለት። ማግኔት ይዞ ጎኗን ዳሰሰ፤ የተጋጨ ቦታ ከተሞላበት ስቱኮ በታች ብረት ሲርቅ ማግኔቱ አይዝም። ከዚያ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ፣ መቀየሪያ ጊዜው ማለፉን ነገረኝ። ቺንጋው እየተነዳ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ጥገናውም ከቺንጋው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ስሌቴ ይህ ነበር፦ የመሀሉ ዋጋ 100 ቢሆንና መኪናዋ በ92 ብትቀርብ፣ ነገር ግን ቺንጋውና ጎማዎቹ 13 የሚያስወጡ ከሆነ፣ ዋጋዋ 105 ነው፤ ርካሽ አይደለችም። ጭረትና የደበዘዘ ቀለም ግን አልቀነስኩም። በዚያ ዕድሜ ያሉት ሁሉ የተጫሩ ስለሆኑ የመሀሉ ዋጋ ጭረቱን አስቀድሞ አስቦታል። በዚሁ ሚዛን ሻጩ ደጋግሞ ያወደሰልኝን አዲስ ቸርኬና ድምፅ ማጉያም አልጨመርኩም። ለእሱ ያወጣው ገንዘብ ነው፤ ለእኔ ጌጥ ነው።

መካኒኩ የጻፈልኝን ለሻጩ ሳሳየው የቺንጋውን ወጪ ቀነሰልኝ፣ በጎማው ግን አሻፈረኝ አለ። በእኔ ስሌት ከመሀሉ ትንሽ ከፍ አለች። ሆኖም የዓመታት የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ በቅደም ተከተል ታስሮ ስለቀረበልኝ፣ ለዚያ ጥቂት መጨመር አልከፋኝም። ስሙ እንደተዛወረ መኪናዋን በቀጥታ ቺንጋ ማስቀየሪያ ጋራዥ ወሰድኳት።